የታዳጊዎች ክሊኒክ ግምገማ፦ ሐኪሟ ልጆቼን ስለ ወሲብ ጤና እንዴት እንዳነጋገረቻቸው

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ጉርምስና ላይ ያለ ልጅ ካላችሁና ስለ ሰውነቱ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ወሲብ ጤናው በግልጽ የሚያዋራው ሐኪም የምትፈልጉ ከሆነ፣ ይህ ክፍል ከአምስት ኮከብ አራቱን ከእኔ አግኝቷል። አምስተኛውን የከለከልኩበት ምክንያት ቀላል አይደለም፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የክሊኒኩንም የሐኪሟንም ስም አልጠራም። ከጠራሁ የማወራው ስለ የትኞቹ ልጆች እንደሆነ ለሚያውቁን ሰዎች ወዲያው ይገባቸዋል። ጽሑፉን ከመለጠፌ በፊት ሁለቱም ልጆቼ አንብበውታል። ሴቷ አንዳንድ ቦታ ላይ አስምራ «ይኼ ይውጣ» ብላኛለች፤ ወጥቷል። እዚህ የቀረው እነሱ የፈቀዱትና ሐኪሟ ለማንኛውም ወላጅ የምትናገረው ነው።

ክፍሉ የሚያየው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉትን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ታዳጊ ብሎ የሚመድበው ይህንኑ ዕድሜ ነው። ሴቷ ልጄ 14 ዓመቷ ነው፤ የወር አበባዋ ቀኑን እያዛባ ሲያስጨንቃት ነው የወሰድኳት። ወንዱ 17 ነው። እሱን ያመመው ነገር አልነበረም፤ ለጠቅላላ ምርመራ ይታይ ብዬ ነው።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ነበር የምንሄደው። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው፤ ለጉንፋንና ለቶንሲል ዛሬም ብመለስ ቅር አይለኝም። ስለዚህ ጉዳይ የሚጠይቀው ግን እንዲህ ነበር፦ እኔ ከልጄ አጠገብ ተቀምጬ፣ እሱ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ፣ «የወንድ ጓደኛ ምናምን የለሽም አይደል? ጎበዝ!» ልጄ አንገቷን ነቀነቀች፤ እሱም ጻፈ፤ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ይህች ልጅ «አለኝ» ማለት ብትፈልግ በየት በኩል ትላለች? መልሱ ከጥያቄው ጋር አብሮ ተሰጥቷታል፣ ምስጋናውም መልስ ሳትሰጥ ደርሷታል፣ እናቷም ትንፋሿ በሚሰማበት ርቀት ላይ ተቀምጣለች። እንዲህ ተጠይቃ የምትሰጠው «የለኝም» ካርዱ ላይ ቢሰፍርም ስለ ልጅቷ የሚነግረን ነገር የለም።

የዚያ ሐኪም ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ 253 ታዳጊዎች ለዓመታዊ ምርመራ ሲገቡ ከሐኪሞቻቸው ጋር የተነጋገሩትን በድምፅ ቀርጸው አዳመጡ። ወሲብን የሚመለከት ነገር የተነሣው ከመቶ 65 በሚሆኑት ላይ ነው፤ የወሰደውም ጊዜ በአማካይ 36 ሰከንድ ነው። በቀሩት ላይ አንድም ቃል አልተነሣም። ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፦ ርዕሱን ራሱ ያነሣ ታዳጊ አንድም አልተገኘም። ስለዚህ «ልጁ ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ» የሚል ሐኪም፣ «ልጄ ከፈለገች ትጠይቀኛለች» የምትል እናትም፣ የሚጠብቁት ነገር አይመጣም። ትልቁ ሰው ነው መጀመር ያለበት። ይህን ክፍል ለመገምገም የተነሣሁትም በዚህ መለኪያ ነው፦ ማን ጀመረ? እንዴት ጀመረ? ልጁስ እውነቱን ለመናገር ቦታ አገኘ?

መጀመሪያ አብረን ገባን። ሐኪሟ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ ስባ አውጥታ ልጄ ፊት ተቀመጠች። ጥያቄዋን ሁሉ ለእሷ ነበር የምታቀርበው፤ በምን ስም መጠራት እንደምትወድ፣ ምን እንዳመጣት፣ ምን እንደሚያሳስባት። እኔ ለመመለስ አፌን ስከፍት «እርስዎንም እሰማለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከእሷ ልስማ» አለችኝ፤ በአክብሮት፣ ነገር ግን በማያወላውል ድምፅ። የእኔን ስጋት አዳምጣ ከጨረሰች በኋላ እንዲህ አለች፦ «እዚህ የሚመጣውን ልጅ ሁሉ የተወሰነ ጊዜ ብቻውን አነጋግራለሁ። የእርስዎን ልጅ ጠርጥሬ አይደለም፤ አሠራራችን ነው። ትንሽ ቆይተን ደግሞ እንጠራዎታለን።» አሠራር መሆኑ ሲነገረን ሁለታችንም ተነፈስን። ልጄ ምን አጥፍቼ ነው ብላ አልተሸማቀቀችም፤ እኔም በልቤ ምን አድርጋ ይሆን እያልኩ አልወጣሁም።

ከመውጣቴ በፊት ግን ስለ ምስጢር ሁለታችን ባለንበት ተናገረች። ይህ ክፍል ከሌሎቹ የሚለይበት ዋናው ነገር ይህ ስለሆነ እስከማስታውሰው ድረስ እጽፈዋለሁ። «የምትነግሪኝ ነገር እኔና አንቺ ጋ ይቀራል። ሳትፈቅጂልኝ ለእናትሽ አልናገርም። ሦስት ነገር ከመጣ ግን ዝም ማለት አልችልም፦ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ካለሽ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ እንደሆነ ካወቅሁ፣ ወይም አንቺን የሚመታሽ፣ ያለፈቃድሽ የሚነካሽ፣ የሚያስገድድሽ ሰው ካለ። ያኔም ቢሆን ለማን እንደምናገርና ምን እንደምናገር አስቀድመን አንቺና እኔ እንመካከራለን።» ቀጥላ ወደ እኔ ዞረችና «በዚህ ይስማማሉ?» አለችኝ። ልጄ እየሰማች «እስማማለሁ» አልኩ። ልጄን ደግሞ «እስቲ ያልኩትን በራስሽ አነጋገር መልሺልኝ» አለቻት። ሦስቱንም ጠርታ ስትጨርስ እኔ ወጣሁ፤ በሩ ተዘጋ።

ልብ በሉ፣ ሐኪሟ «ምንም ነገር ብትነግሪኝ ለማንም አልናገርም» አላለችም። እንዲህ ያለ ቃል የሚሰጥ ሐኪም አንድ ቀን ማፍረሱ አይቀርም፤ የፈረሰበት ቀን ልጁ ያጣው ያንን ሐኪም ብቻ አይሆንም፣ ከዚያ በኋላ ማንንም ሐኪም አያምንም። ወሰኑን አስቀድሞ ማስታወቅ ግን ልጁን ያከብረዋል፤ ምን ሲናገር ምን እንደሚከተል አውቆ ይመርጣል። ሐኪም ምስጢር እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ከነገራቸው ታዳጊዎች ስለ ወሲብ፣ ስለ ሱስና ስለ አእምሮ ጤናቸው ለመናገር የበለጠ ፈቃደኞች እንደሚሆኑ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። እኔ ባልስማማ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ በኋላ ሐኪሟን ጠየቅኋት። ሕጉ ከአገር አገር እንደሚለይ ነገረችኝ። ለምሳሌ በእንግሊዝ፣ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 በሰጠው ፍርድ፣ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሚሰጠውን ሕክምና በሚገባ ከተረዳ ያለ ወላጅ ፈቃድም መስማማት ይችላል። «የትም ቢሆን ግን ወላጅ ወዶ ሲወጣ ልጁ በነፃነት ያወራል፤ ወላጅ ተገዶ ሲወጣ ልጁ የሚያስበው ቤት ሲገባ ስለሚጠብቀው ነገር ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከልጄ ነው፤ የፈለገችውን ያህል ነው የነገረችኝ። ንግግሩ የጀመረው ከቤት ነው፤ ከማን ጋር እንደምትኖር፣ ስትከፋ ለማን እንደምትናገር። ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ አመጋገብና ስለ ሰውነቷ ያላት ስሜት፣ ትርፍ ጊዜዋ፣ ጓደኞቿ። ከዚያ ሲጋራና መጠጥ፤ ስለ እሷ ሳይሆን መጀመሪያ «በክፍላችሁ የሚሞክሩ አሉ?» ተብሎ። የፍቅርና የወሲብ ጥያቄ የመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ሐኪሞች ሄድስ ይሉታል። ሃርቪ በርማን የተባለ የሲያትል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1972 የጀመረው ሲሆን፣ ኤሪክ ኮኸንና ጆን ጎልደንሪንግ በ1988 አዳብረው አሳትመውታል። ሐሳቡ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ነው። ልጁ ስለ ቤቱና ስለ ትምህርቱ ሲናገር ሳይፈረድበት መቅረቱን ያያል፤ ከባዱ ጥያቄ ሲመጣ ሐኪሟን በመጠኑ አውቋታል።

ጥያቄው ራሱ እንዴት እንደቀረበ ልጄ ቃል በቃል ይዛዋለች፦ «በአንቺ ዕድሜ አንዳንዶቹ የፍቅር ጓደኛ ይይዛሉ፤ አንዳንዶቹ ገና ሐሳቡም የላቸውም። ሁለቱም ያለ ነገር ነው። አንቺ የትኛው ላይ ነሽ? መመለስ ካልፈለግሽ ይለፈኝ በዪ።» ከቀድሞው «የለሽም አይደል?» ጋር አስተያዩት። እዚህ ሁለቱም መልስ እኩል ክብር አለው፤ ሦስተኛም መውጫ አለ። ልጄ አንዱን ጥያቄ «ይለፈኝ» ብላለች። ሐኪሟም አልፋዋለች፤ በሌላ በር ዞራም አልመጣችበትም። ልጄ ስለዚያ ቀን ስታወራ ደጋግማ የምታነሣው ይህንን ነው። «አይሆንም» ብትል የሚሰማት ትልቅ ሰው አለ ማለት ነው። ሐኪሟ ስለ ፈቃድ በቃል ከሰጠችው ትምህርት ሁሉ ይህኛው ይበልጣል ባይ ነኝ።

በቃል የሰጠችውም ቢሆን ጥሩ ነበር። አንድ ሰው እሺ አለ የሚባለው በግልጽ ሲል እንደሆነ፣ ዝምታ እሺታ እንዳልሆነ፣ ትናንት እሺ ያለ ሰው ዛሬ እምቢ ማለት እንደሚችል፣ ፈርቶ ወይም ተለምኖ ሰልችቶት የተሰጠ እሺታም እሺታ እንዳልሆነ። ስለ ስልክም አውርተዋል፤ «ፎቶሽን ላኪልኝ» ተብላ ብትጎተጎት ምን እንደምትመልስ ሐኪሟ ጎትጓች ሆና፣ ልጄ እየመለሰች ተለማምደዋል። የመጀመሪያው መልሷ ይቅርታ የበዛበት ነበር አሉ። እስኪያጥር ድረስ ደጋግመውታል። ልጄ አሁን የምትለው «አልልክም፤ ሁለተኛ አትጠይቀኝ» ነው።

የሄድንበትን የወር አበባ ጉዳይ ባጭሩ ልጨርስ። ሐኪሟ የቀን መቁጠሪያ ዘርግታ፣ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን መሆኑን አሳየቻት። የወር አበባ ከታየ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ከ21 እስከ 45 ቀን መሆኑ ጤናማ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያውቃት 28 በዚህ ዕድሜ ላይ መለኪያ አትሆንም። መመለስ ያለባት ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ ሞዴስ የሚያስለውጥ ከሆነ፣ ወይም ከ90 ቀን በላይ ከቀረ ነው። ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ሕመምም «የሴት ነገር ነው፣ ቻይው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ መድኃኒት አለው፣ አንዳንዴም ሌላ በሽታ ከኋላው ሊኖር ይችላል። ልጄ ስትወጣ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። ለወራት ታምሜአለሁ ብላ ያሰበችው ነገር ጤና ሆኖ ተገኘ።

የማህፀን በር ካንሰርን ስለሚከላከለው ክትባት ያወራነው እኔ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ገና ልጅ ናት፣ አይቸኩልም ወይ? ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፤ ጥያቄውን ከብዙ እናቶች እንደምትሰማውም ያስታውቃል። ክትባቱ ካንሰሩን የሚያመጣው፣ በወሲብ የሚተላለፈው ቫይረስ ከመድረሱ በፊት የሚከላከል እንጂ ከደረሰ በኋላ የሚያድን እንዳልሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን የሚያስቀድመው ለዚህ እንደሆነ ነገረችኝ። ኤች ፒ ቪ ከሚባለው ቫይረስ ዓይነቶች ቁጥር 16 እና 18 ሁለቱ ብቻቸውን 70 ከመቶ ያህሉን የማህፀን በር ካንሰር ያመጣሉ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ባወጣው ምክር ከ9 እስከ 20 ዓመት ላሉ አንድ ጊዜ መወጋትም እንደሚበቃ ተቀብሏል። መከተብ ልጆችን ወደ ወሲብ ይገፋል የሚለው ስጋትም በተደጋጋሚ ተጠንቶ እውነት ሆኖ አልተገኘም። ለልጄ ደግሞ ያለችው አንድ ነገር ነው፦ ተከትበሽም ቢሆን ወደፊት ስታድጊ የማህፀን በር ምርመራው አይቀርልሽም።

አሁን ወደ ወንዱ። ስለ ወሲብ ጤና ሲነሣ ሁሉም ሰው የሚያየው ሴቶቹን ነው፤ ወንዶቹን የሚጠይቃቸው የለም። እዚህ ግን ልጄ ገና ከመግባቱ በፊት ከወንድ ወይስ ከሴት ባለሙያ ጋር መነጋገር እንደሚፈልግ ተጠየቀ። ወንድ አለ። ነርሱ ወጣት ነው፤ ልጄ ደግሞ ከእኔ ጋር በወር የማይናገረውን ያህል እዚያ እንዳወራ ከፊቱ አይቻለሁ።

በፈቃዱ ያጫወተኝን ልንገራችሁ። ነርሱ ጠረጴዛው ላይ የእንጨት ሞዴልና ጥቂት የታሸጉ ኮንዶሞች አስቀምጦ «ከእነዚህ የማይሠራውን ለይልኝ» ይለዋል። ልጄ አንዱን አንሥቶ ያገላብጣል፤ ምንም አይታየውም። «ጠርዙን አንብበው» ይለዋል፤ ቀኑ አልፏል። ሌላውን በጣቱ ጫን ሲለው ውስጡ አየር የለም፤ የታሸገው ጥሩ ከሆነ በጣት መሃል ትንሽ አየር መኖር አለበት፣ ከሌለ ተቀዷል ማለት ነው። በጥርስ ሳይሆን ከጠርዙ በእጅ መቅደድ፣ ጫፉን ቆንጠጥ አድርጎ አየሩን ማስወጣት፣ እስከ ሥሩ መዘርጋት፣ ሁለት ደርቦ አለማድረግ፣ ቫዝሊንም ሆነ ሌላ ዘይት ያለው ቅባት ላቴክሱን ስለሚያሳሳው አለመቀባት። ይህን ሁሉ በእጁ እየሠራ ነው የተማረው። ልጄ ይህን ማወቁ ያስከፋቸው ዘመዶች አሉ። እኔ ግን ኮንዶም ቀን እንዳለው ሳያውቅ ለአቅመ አዳም የሚደርስ ልጅ ነው የሚያስፈራኝ። ትምህርቱ ልጆችን ቀድመው እንዲጀምሩ አያደርግም፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 አሻሽሎ ባወጣው መመሪያም ማስረጃዎቹ ተገምግመው የተደረሰበት ይኸው ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያመሰገንኩት ግን ጨርሶ ያልጠበቅሁትን ነገር ነው። ነርሱ ስለ ዘር ፍሬ መጠምዘዝ ነገረው። በዚህ ዕድሜ ባሉ ወንዶች ላይ የዘር ፍሬው በድንገት ተጠምዝዞ ደም ሊቋረጥበት ይችላል፤ ድንገተኛ ከባድ ሕመም ነው፣ ማቅለሽለሽም ይኖረዋል። በ6 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር የመዳን ዕድሉ እያነሰ ይሄዳል። ወንዶች ልጆች ደግሞ ቦታው ስለሚያሳፍራቸው «ሆዴን ነው» እያሉ እስኪነጋ ይታገሳሉ። «ሌሊት ስምንት ሰዓትም ቢሆን እናትህን ቀስቅሳት፤ የት እንዳመመህ በስሙ ጥራው» ብሎታል። ልጄ ይህን ሲነግረኝ ቦታውን በስሙ ጠራው፤ ዓይኑንም አልሰበረም። ከዚያ በፊት ማንም ሐኪም ይህን ለልጄም ለእኔም ነግሮን አያውቅም።

ሲወጡ ለሁለቱም የእጅ መዳፍ የምታህል ካርድ ተሰጥቷቸዋል፤ ሰዓት የሚቆጠርባቸው ነገሮች የተጻፉባት። የዘር ፍሬ ሕመም፣ ወዲያውኑ። ያልታሰበ እርግዝናን የሚከላከለው የድንገተኛ እንክብል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ በተወሰደ መጠን የተሻለ፤ ሌላ ዓይነት እንክብልና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው መዳብ ያለው ሉፕ ደግሞ እስከ 5 ቀን። ለኤች አይ ቪ መጋለጥ ወይም መደፈር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት። ለወንዱም ለሴቷም የተሰጠው ያው ካርድ መሆኑን ወድጄዋለሁ። ስለ እርግዝና ማወቅ የሴቷ ብቻ ሸክም አይደለም።

እኔ ተጠርቼ ከመግባቴ በፊት ሐኪሟ ልጄን የጠየቀቻት የመጨረሻ ጥያቄ «ለእናትሽ ምን ልንገራት? ምኑን ልተወው? አንቺ ራስሽ የምትነግሪያት፣ አብረን የምንነግራትስ አለ?» የሚል ነበር። ስገባ ያገኘሁት በልጄ ፈቃድ የተዘጋጀ ነገር ነው፤ አንዱን ልጄ ራሷ ነገረችኝ፤ ሐኪሟ ዝም ብላ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ምን እንደሆነ እዚህ አይጻፍም።

ወደ ጉድለቱ ልምጣ።

የመጀመሪያው ካርድ ክፍሉ ነው። በር ተዘግቶ የሚጠበቀው ምስጢር መስኮቱ ላይ ይፈስሳል። ጸሐፊዋ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና «ለምንድነው የመጣችሁት?» ትላለች፤ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል። ልጄ ከእሷ በፊት የነበረች አንዲት ልጅ ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥታ ስትቀላ አይታለች። በወረቀት ላይ ምልክት አድርጎ መስጠት እኮ ይቻላል። ወረፋውም ረጅም ነው፤ ይህን ግን ይቅር ብያለሁ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ሰዓት የሚሰጥ ሐኪም ተራ ማስረዘሙ አይቀርም።

ሁለተኛው ሐኪሟ ፈቃድ በወጣች ጊዜ የተተካው ሰው ነው። ወንዱ ልጄ ለሽንት ምርመራ ተመልሶ በሄደበት ቀን ያገኘው እሱን ነው። የአባላዘር በሽታ ቁስል ሥዕሎች እያሳየ «እንዲህ ትሆናለህ» ብሎ አስፈራርቶ ሰደደው። ልጄ ቤት ድረስ አልተናገረም። ማስፈራራቱ ክፉ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ትምህርቱም ስህተት ነው። ክላሚዲያ የተባለው የአባላዘር በሽታ የያዛቸው አብዛኞቹ ሰዎች ምንም ምልክት አያዩም፤ የሚታወቀው በምርመራ ነው፤ ምርመራውም ሽንት መስጠት ብቻ ነው፤ ከተገኘም በመድኃኒት ይድናል። ያ ሁሉ የቁስል ሥዕል ለልጅ የሚነግረው ቁስል ካላየሁ ደኅና ነኝ፣ እሷም ቁስል ከሌለባት ደኅና ናት የሚለውን ነው። ሐኪሟ ስትመለስ ነገርኳት። ልጄን ጠርታ ከእንደገና አስረዳችው፤ ይቅርታም ጠየቀችው።

ሦስተኛው ኮከቡን ያስቀረው ነው። የምርመራ ውጤት መድረሱን የሚያሳውቅ አጭር መልእክት በእኔ ስልክ መጣ፤ የልጄ ስምና የምርመራው ዓይነት ተጽፎበት። ካርዱ ሲወጣ የተሞላው የእኔ ቁጥር ስለነበረ ነው። ስለ ውጤቱ የሚያሳስብ ነገር አልነበረም፤ ደግሞም ልጄ መመርመሩን አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ባይነግረኝስ? እኔ ሳልሆን እጁን የሚያነሣ አባት ስልክ ላይ ቢደርስስ? ሐኪሟ በር ዘግታ የገባችውን ቃል ኮምፒውተሩ አፍርሶታል። ሥራዬ ከቅጾች ጋር ስለሆነ አንድ ባዶ መስመር ምን ያህል ጣጣ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ለኃላፊው በጽሑፍ አቤት አልኩ። አዲስ ቅጽ አዘጋጅተናል፣ ታዳጊው ራሱ ውጤቱ በየት በኩል እንዲደርሰው እንደሚፈልግ ይመርጥበታል፣ መልእክቱም የምርመራውን ስም አይጠቅስም ብለውኛል። ቅጹን አይቻለሁ፤ ሲሠራ ግን ገና አላየሁም።

ይህ ክፍል የማይሆናቸው ወላጆችም አሉ። ሐኪሙ ልጁ ያለውን ሁሉ መጥቶ እንዲነግራቸው የሚፈልጉ፣ ወይም ልጃቸውን ገሥጾ እንዲመልስላቸው የሚያመጡ፣ አይሂዱ፤ ያዝናሉ።

ሌላ ቦታ ያላችሁ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ ልጁን ብቻውን ያነጋግረዋል ወይ? የምስጢሩን ወሰን ለልጁ ማን፣ መቼ ይነግረዋል? ወንድ ወይም ሴት ባለሙያ መምረጥ ይቻላል ወይ? ውጤት በማን ስልክ፣ ምን ተብሎ ነው የሚላከው? ይህን ስትጠይቋት ስልኩን ያነሣችው ልጅ ግራ ከተጋባች አሠራሩ የለም ማለት ነው፤ ሌላ ፈልጉ። የሴቷ ልጄ ቀጣይ ቀጠሮ ሲደርስ አዲሱ ቅጽ የተባለውን ያህል ከሠራ አምስተኛውን ኮከብ እጨምራለሁ፤ ካልሠራም እዚሁ እጽፋለሁ።